ሰባት መቶ አርባ ሦስት ጊዜ ደህና

የድጋፍ ዝርዝሩ የወጣው ግንቦት 24 ቀን 2071 ዓ.ም. ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አገር አቀፉ ፈተና ሊሰጥ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ካፖርቴን እንደለበስኩ ቢሮዬ ተቀምጬ ስጠብቀው ነበር፤ ደሴ በግንቦትም ብርድ አታጣም፣ የኔ ቢሮ ደግሞ ፀሐይ የማይጎበኘው የግቢው ጥግ ላይ ነው። በሩ ላይ «የተማሪዎች ድጋፍ፣ መምህርት ትርሲት አበጋዝ» ተብሎ ተጽፏል። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬ፣ ጡረታዬ ሲቃረብ እዚህ አስቀመጡኝ። ለየትኛው ተፈታኝ ፊደል እንደሚጎላ፣ ለየትኛው ሰዓት እንደሚጨመር፣ የትኛው ብቻውን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ እንደሚፈተን ዝርዝሩን ተቀብዬ አስፈጽማለሁ። እኔ የምወስነው ነገር የለም። የሚወስነው «አጋዥ» የሚባለው ማሽን ነው።

አጋዥ ተማሪውን የሚያዳምጠው በር ላይ ነው። በትምህርት ቤታችን መግቢያ ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ ምሰሶ ቆሟል። ተማሪ ሁሉ በየማለዳው ፊቱ ይቆማል፣ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ይገባል። ለአንድ ልጅ አራት ሰከንድ ተመድቦለታል። አዲስ የገቡ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች መጀመሪያ ሰሞን ፊቱ ሲደርሱ ይሳሳቃሉ። ኅዳር ሲገባ የሚስቅ አይኖርም፤ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ እያዛጉ፣ መልሳቸውን ጥለው ያልፋሉ።

ዝርዝሩ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም ነበር። አንዱን ስም ብቻ ፈልጌ ቁልቁል ወረድኩ።

«ረውዳ እንድሪስ። ድጋፍ አያስፈልጋትም።»

መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩት። ከሥሩ ምክንያቱ ሰፍሯል፦ «ተማሪዋ በ743 የትምህርት ቀናት 743 ጊዜ ደህና መሆኗን በራሷ አንደበት ገልጻለች። የተማሪዋ ድምፅ ተከብሯል።»

ረውዳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እይታዋ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ የሚሄድ የዓይን በሽታ አለባት። ዓለምን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ስታነብ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አስጠግታ ቃል በቃል ትሄዳለች፤ መስመሩ ሲያልቅባት ቀጣዩን ፈልጋ እስክታገኝ ሌላው ልጅ ግማሽ ገጽ ይጨርሳል። ፊደሉ ሲጎላላትና ጊዜ ሲሰጣት ግን ከክፍሉ የሚደርስባት የለም። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምራት ጀምሮ መምህር መሆን እንደምትፈልግ ነግራኛለች። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሐሳቧን አልቀየረችም።

ፈተናውን ያለፈ ኮሌጅ ይገባል። የወደቀ በማግስቱ የሥራ ምደባ ይደርሰዋል፤ ደህና ተብሎ የተመዘገበ ልጅ ሁሉ የሚመደበው ደግሞ መለያ አዳራሽ ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው በፊታቸው ከሚያልፉት ጥቃቅን ዕቃዎች መካከል እንከን ያለበትን በዓይን እየለዩ ያነሳሉ። ረውዳን እዚያ ተቀምጣ ለማሰብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ኋላ ላይ ከምደባብቀው አሁን ይውጣ።

«ስለ ተማሪ ተማሪው ብቻ ይናገር» የሚለው ሕግ ሲወጣ ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝ። ድሮ የሚወስነው ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴው ልጁን ሳያይ ወረቀቱን ያያል። አንድ ዓመት ጆሮው ለማይሰማ ልጅ ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው መደቡለት። አንባቢው ሦስት ሰዓት ሙሉ አነበበ፤ ልጁም በአክብሮት ሦስት ሰዓት ሙሉ አፍ አፉን አየው። ያ ልጅ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ ሐኪምም፣ ወላጅም፣ አስተማሪም ስለ ልጁ አይመሰክርም፣ ልጁ በራሱ አንደበት ያለው ብቻ ይቆጠራል ሲባል፣ እንባ አቅርሬ ነው ያጨበጨብኩት።

ምሰሶው ሲተከል አሥራ አንድ ጥያቄዎች ነበሩት። ዛሬ ፊደል ደብዝዞብሻል? ራስሽን አሞሻል? ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛሽ? እያለ ይቀጥላል። መመሪያው ግን ጥያቄዎቹን እንደ አካባቢው ባህል ማስተካከል ይቻላል ይል ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቁርሱን በቅጡ ያልበላን ልጅ በር ላይ አቁሞ አሥራ አንድ ጥያቄ መጠየቅ የፖሊስ ምርመራ ነው አልኩ። እኛ አገር ሰው መጀመሪያ ሰላም ይባላል፤ አንድ ጥያቄ ይበቃል አልኩ። ድምፁም የማሽን አይሁን፣ በሩን ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቁት የአባባ ይማም ይሁን አልኩ። ሐሳቤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ሻይ ላይም አመሰገኑኝ። አባባ ይማም አንድ ቀን ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው ተቀረጹልን፤ ምሰሶውም አነጋገራቸውን ተማረው። ከሦስት ዓመት በፊት ሞቱ። ምሰሶው አሁንም በየማለዳው በሳቸው ድምፅ «ደህና አደርሽ ልጄ?» ይላል።

ነገሩ ቶሎ የገባቸው ነበሩ። ኪሩቤል የሚባል የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን በረኛ አለ፤ ከሃምሳ ሜትር የተመታች ኳስ በጭጋግ ውስጥ አይቶ የሚይዝ ልጅ ነው። ወላጆቹ መልስ የሚያሠለጥን ሰው ቀጥረውለት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው «ደህና አላደርኩም፣ ፊደል ይደራረብብኛል» ሲል ኖረ። ዝርዝሩ ላይ የጎላ ፊደል፣ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሰዓትና የግል ክፍል ተፈቅዶለታል። የሱም ድምፅ ተከብሯል። ልጁን አልቀየምኩትም፤ ወላጆቹን ግን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ማለት ይከብደኛል። ያም ሆኖ እላቸዋለሁ።

ረውዳን ከክፍል አስጠራኋት። በሩን በእጇ ዳብሳ ገባችና ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች።

«ረውዳ፣ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ምን ነበር የምትዪው?»

«ደህና ነኝ ነዋ፣ ቲቸር።»

«በየቀኑ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ትልቅ ሰው ደህና አደርሽ ሲለኝ፣ በጠዋቱ ዓይኔ እየጠፋ ነው ልበለው?»

«ሰው እኮ አይደለም የኔ ልጅ። ምሰሶ ነው።»

«ምሰሶ መሆኑንማ አውቃለሁ። ግን ድምፁ የአባባ ይማም ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መሰለኝ።»

«ከዚያ በኋላስ ምንም አትጨምሪም ነበር?»

«እርስዎስ ደህና አደሩ እላቸዋለሁ። ይመልሱልኝ ይሆናል ብዬ ትንሽ እቆማለሁ። ከዚያ ከኋላዬ ያሉት ይገፉኛል።»

ውሳኔውን አጉልቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። ጣቷን እያስኬደች አነበበችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ ደገመችው፦ «የተማሪዋ ድምፅ ተከብሯል።» ከዚያ ቀና አለች። «አከበሩኝ ማለት ነው?»

ወደ ክፍሏ መለስኳትና ፈተና ጽሕፈት ቤቱ ጋ ደወልኩ። ናሆም የሚባል ወጣት አነሳው።

«ደህና አረፈዱ እናቴ?»

«ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ ደህና ነህ?» አልኩት።

የረውዳን ነገር አስረዳሁት። የሆስፒታል ወረቀት እንዳላት፣ አራት ዓመት በዓይኔ እንዳየኋት፣ ክፍሉ በሙሉ እንደሚመሰክር ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እናቴ፣ ወረቀቱ ስለ ልጅቷ የተባለ ነው። የርስዎም ስለ ልጅቷ የተባለ ነው። ልጅቷ ያለችው ደህና ነኝ ነው።»

«ዛሬ ደህና አይደለሁም ብትልስ?»

«ሠላሳ ቀን ሳታቋርጥ ካለች ይያዝላታል። ፈተናው ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። አንድ መንገድ አለ። ቃሏን ማንሳት ትችላለች። እስካሁን ያለችው በሙሉ ሐሰት እንደነበር ራሷ ትናገራለች፣ ድጋፉም በዚያው ቀን ይፈቀዳል። ግን የቃል ሚዛኗ ይወድቃል።»

የቃል ሚዛን ምን እንደሆነ አገር ያውቃል። የሰው ቃል ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ሰው ሲወለድ መቶ ሆኖ ይሰጠዋል። ክሊኒክ ሄደህ አመመኝ ስትል፣ ፍርድ ቤት ቆመህ አየሁ ስትል፣ አሠሪህን አላጠፋሁም ስትል መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

«ስንት ይሆናል?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«መቼ ይመለስላታል?»

«አይመለስም፣ እናቴ። እኔ ሰው ስለሆንኩ አዝናለሁ፤ የኔ ማዘን ግን የሚገባበት ቦታ የለም።»

ከሰዓት በኋላ ሸዋ በር ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ እንድሪስ ባትሪ ጠጋኝ ነው፤ ደጃፉ ላይ የተገላበጡ የባጃጅ ባትሪዎች ተደርድረዋል። እናቷ ወይዘሮ ዙበይዳ ትንሿን ልጅ ታቅፋ ተቀብላ አስገባችኝ። ሰላምታው ረጅም ነበር። እኔ ደህና፣ ቤቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ሥራው ደህና፣ ሁሉም ደህና ከተባለ በኋላ ነው የመጣሁበትን የነገርኳቸው።

እንድሪስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ። ጨርቁን አጣጥፎ ካስቀመጠ በኋላ ነው የተናገረው።

«ልጄ ውሸታም ናት ተብሎ ይጻፍባት ነው የሚሉኝ?»

«እንዲጻፍባትስ አልፈልግም፣ አቶ እንድሪስ። ሌላ በር ስላጣሁ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ እያለች እኮ ነው ደህና ነኝ ያለችው! ሰባት መቶ ጊዜ ጌታዋን ያመሰገነችበትን አፍ መልሳ ሐሰት ነበር ትበል? ወላሂ እኔ አላስደርገውም።»

«ምስጋናውን አይደለም የምታነሳው» አለች ዙበይዳ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቅሽ መጀመሪያ አመስግኚ፣ እሮሮሽን ኋላ ታወሪያለሽ አልኳት። ጠያቂው ኋላውን ቆሞ የሚሰማ መስሎኝ ነው እኮ።»

ጥያቄውን የመረጥኩት እኔ መሆኔን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዙበይዳ ሻዩን አቀረበችልኝና ስኳሩ በቃኝ አልኩ።

ረውዳ በሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። «አባ» አለች፣ «መለያ አዳራሽ ብገባ የማላየውን ዕቃ ሁሉ ደህና ነው ብዬ ነው የማሳልፈው። ያኔም ውሸታም ይሉኛል። ያው ውሸታም ካሉኝ አይቀር ተምሬ ይበሉኝ።»

እንድሪስ ተነስቶ ወደ ባትሪዎቹ ወጣ። ውጭ ብረት ሲመታ ይሰማ ነበር፤ ካለወትሮው ጠንከር አድርጎ ነው የሚመታው። እኔ ስወጣ ቀና ሳይል «ብቻዋን አትሁን፣ አጠገቧ ይሁኑላት» አለኝ።

በማግስቱ፣ ተማሪው ሁሉ ከገባ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ምሰሶው ሥር ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥኩ። ቃል የሚነሳው አንድ ጊዜ ሐሰት ነበር ተብሎ መስሎኝ ነበር። ናሆም ያልነገረኝ ነገር እንዳለ የገባኝ ምሰሶው መናገር ሲጀምር ነው። እያንዳንዱን ቀን ለየብቻ ያሰማና ይጠይቃል። አንዱን እንኳ እውነት ነበር ካለች ጉዳዩ ይዘጋል።

የመጀመሪያው የመስከረም 2068 ነበር። ከምሰሶው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ ደህና አደሩ?»

ከዚያ የአባባ ይማም ድምፅ፦ «ይህ ቃል እውነት ነበር?»

«አልነበረም» አለች ረውዳ።

«ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ?»

«ይህ ቃል እውነት ነበር?»

«አልነበረም።»

እንዲህ እያለ ሄደ። ሠላሳኛው አካባቢ መቁጠር ተውኩ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች መጀመሪያ ያዩን ነበር፣ በኋላ ሰለቻቸው። የተቀዳው ድምፅ ከወር ወደ ወር እየወፈረ መጣ። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ የተዘጋበት ሳምንት ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ናት። አንድ ቀን ቃሏ በሲቃ ተቆራርጧል። «ያን ቀን መንገድ ላይ የተከፈተ ቦይ ሳላይ ገባሁ፣ ጉልበቴ ይደማ ነበር» አለችኝና «አልነበረም» ብላ መለሰች። አንድ ጊዜ ደግሞ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ከኋላ «ሂጂ እንጂ!» የሚል የልጅ ድምፅ ይሰማል። የምሰሶው አራት ሰከንድ አልቆ ነበር።

ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «እርስዎስ?» ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ ምሰሶውን ስትጠይቀው ኖራለች። አንድም ቀን አልመለሰላትም፣ እሷም አንድም ቀን አላቋረጠች። እኔ እዚያ ተቀምጬ ይህን ስሰማ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አምስት ሰዓት አለፍ ሲል አንድ የሚያዝያ ቀን ላይ ደረስን። ከምሰሶው የወጣው ድምፅ የተለየ ነበር፤ ሮጣ ደርሳ ነው መሰለኝ ታለከልካለች።

«ደህና ነኝ! አልሐምዱሊላህ! አባባ ይማም፣ እናቴ በሰላም ተገላገለች! እህት አለችኝ!»

«ይህ ቃል እውነት ነበር?»

ረውዳ ወደኔ ዞረች፤ ፊቴን ለማግኘት ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ አንቀሳቀሰች።

«ቲቸር፣ ይቺ እውነቴን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን ወላሂ ደህና ነበርኩ።»

«ይህ ቃል እውነት ነበር?» አሉ አባባ ይማም እንደገና።

«በይው» አልኳት።

«እህቴ የተወለደችበትን ቀን?»

«በይውና እንለፍ፣ የኔ ልጅ። ገና አራት መቶ አለ።»

እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ «አልነበረም» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ላሉት መልሷን የምትሰጠው ጥያቄው ሳያልቅ ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምሰሶው ጸጥ አለ፣ ቀጥሎም ቁጥሩን ነገራት። አሥራ ዘጠኝ። «የተማሪዋ ድምፅ ተከብሯል» ብሎ ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ በቀሩት ጠዋቶች ሁሉ ፊቱ ቆማ «ደህና አይደለሁም» ስትል ሰማኋት። እርስዎስ ማለቱን ተወችው።

ፈተናው ሰኔ 6 ተጀመረ። ፊደሉ ጎላላት፣ ሰዓቱ ተጨመረላት፣ የግል ክፍል ተሰጣት። ከኪሩቤል ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ሁለቱም አለፉ። ረውዳ በትምህርት ቤቱ ታሪክ ሦስተኛውን ከፍተኛ ውጤት አምጥታ የመምህራን ኮሌጅ ደረሳት። እንድሪስ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ እጄን ስሞ ሄደ። ለጥቂት ሳምንት ነገሩ ከሞላ ጎደል በደህና የተቋጨ መሰለኝ።

ነሐሴ ላይ ዙበይዳ ደወለችልኝ። ረውዳ የተማሪ ጤና ምርመራ ሄዳ ነበር። የክሊኒኩ ምሰሶ ሲጠይቃት፣ ከሐምሌ ወዲህ የምታይበት ቀዳዳ ይበልጥ እንደጠበበባትና በግራ ዓይኗ ብርሃን ብቻ እንደሚታያት ነገረችው። ሚዛኗን አየና ቃሏ ብቻውን እንደማይበቃ አሳወቃት። ሌላ ሰው ይመስክርልኝ ብትል፣ ስለ ታካሚ የሚናገረው ታካሚው ብቻ ነው አላት። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሐኪሞቹ እስከዚያ ዓይኗ እንደማይቆይ ከዓመታት በፊት ነግረዋቸዋል።

«እርስዎ እንኳ ቢናገሩላት» አለች ዙበይዳ። ሄድኩ። ለክሊኒኩ ምሰሶ ሠላሳ አራት ዓመት አስተማሪ እንደነበርኩ፣ የቃል ሚዛኔ ዘጠና ስምንት እንደሆነ፣ ልጅቷን እንደማውቃት ነገርኩት። በትሕትና አመሰገነኝና እኔ ራሴ ታምሜ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ወደ ኮሌጅ የሄደችው ጥቅምት 3 ነው። ልሸኛት መናኸሪያ ወረድኩ። ለሁለት ቀን ምን እንደምላት ሳስብ ነበር የቆየሁት። ጥያቄውን የመረጥኩት እኔ ነኝ ልላት ነበር። ይቅር በዪኝ ልላት ነበር። መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር፤ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ ሻንጣ ከራስ በላይ ያልፋል። እንድሪስ ዕቃዋን ሊያስጭን ሄዷል፣ ዙበይዳ ከትንሿ ልጅ ጋር ውሃ ልትገዛ ሄዳለች። ረውዳ ብቻዋን አውቶቡሱን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከጎን ስመጣ አላየችኝም፤ ከጎን የሚመጣ ነገር አታይም።

ትከሻዋን ነካሁና ሳምኳት። «ረውዳ፣ ደህና ነሽ የኔ ልጅ?»

ድምፄን ለየችው። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲላላ አየሁ፤ አራት ዓመት ያጠራቀመችውን ልታወርደው የተዘጋጀች ትመስል ነበር።

«ደህና አይደለሁም፣ ቲቸር» አለችኝ።

«ተመስገን፣ ተመስገን» አልኳት።

አፌ ነው ያለው። ጆሮዬ የሰማውን እስኪነግረኝ አፌ ቀድሞ ብሎት ነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንደሚለው። ማስተካከል እችል ነበር፤ ምን አልሽኝ ልላት፣ ነይ እስቲ ልላት እችል ነበር። ረዳቱ ጮኸ፣ ሰው ገፋን፣ ቃሉ ጠፋብኝ።

እሷ ፊቷን ወደ ድምፄ እንዳዞረች ጠበቀችኝ። አራት ሰከንድ ያህል ይሆናል። ከዚያ የአውቶቡሱን በር በእጇ ዳብሳ አገኘችና ገባች።